በ22 ዓመቴ ወላጅ አምጪ ተባልኩ

ይኸው አሁን ስልኬን ተቀብዬ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት እለፉኝ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የጠፋሁት ለዚህ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ እየሄድን ነው፣ እማዬ አጠገቤ አለች፣ ከግቢ ከወጣን አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አዎ እናቴን ይዣት ሄድኩ! አራተኛ ዓመት ነኝ፣ ሲጂፒኤዬ (የሁሉም ሴሚስተር አማካይ ውጤቴ) ከ4 3.78 ነው፣ ልመረቅ ወራት ቀርተውኛል፣ እና ስልክሽን ከፈለግሽ ወላጅ ይዘሽ ነይ ተባልኩ። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ እንኳን እንደዚህ ያለኝ የለም።

ሴክሽኔ የሆናችሁ አይታችኋል። መምህሩ ራሱ ማታ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ፒዲኤፍ ለቆ ነገ ይዛችሁ ኑ አለ፣ በሩ ላይ ያለው ኮፒ ቤት መብራት ጠፍቶበታል፣ ታዲያ በምን እናንብበው? ሁላችንም በስልክ እያነበብን ነበር። ያ የግቢው ስነምግባር ተቆጣጣሪ ሰውዬ በኮሪደር ሲያልፍ አየኝና ሳያንኳኳ ገብቶ ከእጄ ላይ ላፍ! መምህሩስ? ቦርዱን ማጥፋት ጀመረ። የጠፋ ቦርድ እኮ ነው የሚያጠፋው። እኔ ነኝ አንብቡ ያልኳቸው ቢል ምን ነበረበት? ከሰውዬው በላይ ያቃጠለኝ የሱ ዝምታ ነው።

ዛሬ የዛ ስነምግባር ሰውዬ ቢሮ የሆነውን ስሙ እንግዲህ።

«ምን ስታዪ ነበር?»

«ሃንድአውት»

«ቲክቶክ ነው የምታዩት፣ እኔን አታሞኙኝ»

«ስልኩ እጅዎ ላይ ነው፣ ልክፈትልዎትና ይዩት» አልኩ።

«አንቺ ነሽ እኔን የምታዢኝ?»

ይሄኔ እማዬ ብድግ ብላ ነጠላዋን አስተካክላ «አጥፍታ ከሆነ ይቅር ይበሏት ጌታዬ፣ ልጅ ናት» አለች። እማዬ! ዛሬ ለደንበኞቿ የምታደርሰውን እንጀራ ትታ የመጣች ሴትዮ! እሱ በእድሜ ታናሿ ነው፣ ቁጭ ይበሉ እንኳን አላላትም። «እናት፣ ልጅዎትን ይቆጣጠሩ፣ ማዕረግ ማለት ግሬድ ብቻ አይደለም» ብሎ አንድ ወረቀት ገፋልኝ። የጽሁፍ ማስጠንቀቂያ። ማስጠንቀቂያ ያለበት ተማሪ የማዕረግ ተመራቂዎች ዝርዝር ውስጥ አይገባም አለ።

«የት ነው የተጻፈው?»

«መመሪያው ላይ»

«መመሪያውን ማየት እችላለሁ?»

«መመሪያው ቢሮ ነው ያለው»

«እኛስ ያለነው የት ነው?» አልኩት።

«አፍሽን ያዢ!»

በቃ። የመልስ መጨረሻ ይሄ ነው።

እጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ከ3.75 ጀምሮ ነው፣ ያቺን ነጥብ ላለመልቀቅ እንዴት እንደኖርኩ እማዬ ታውቃለች፣ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ጀሪካን እየሞላሁ ነው ያጠናሁት፣ እና አንድ ሰው ስልክ በእጄ ስላየ ይሰረዝ? ፈተና ላይ ስልክ ይከልከል፣ አጥብቄ እደግፋለሁ። ግን ፈተና ላይ ስልክ ጭናቸው ስር አድርገው የሚገለብጡትን ማን ነክቷቸው ያውቃል? ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ላይ ከኋላዬ የነበሩት በግሩፕ መልስ ሲቀባበሉ ፈታኙ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ጓደኛዬ ደግሞ ሪፖርቷን በራሷ እንግሊዝኛ አሳምራ ስለጻፈች ቻትጂፒቲ ነው ተብላ «C» ተሰጣት፣ ነይ አስረጂኝ ብሎ የጠየቃት የለም።

ኮምፒውተር ላብ ሂዱ እንዳትሉኝ። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው፣ ሰውዬው ደግሞ ሁሌ ስብሰባ ነው። ዋይፋዩ የሚሰራው አስተዳደር ህንጻ አካባቢ ነው፣ እዛ ደረጃ ላይ ስንቀመጥ ጥበቃ ያባርረናል። የአጎቴን ልጅ ላፕቶፕ ተውሼ ስመጣ ጠዋት ሲሪያል ቁጥሩን በር ላይ መዝግበው ያስገቡኛል፣ ማታ ስወጣ የመዘገበው ሰውዬ ሺፍት ቀይሮ መዝገቡ አይገኝም፣ የራሴ መሆኑን አስረጂ እባላለሁ፣ እስኪመሽ በር ላይ ቆሜ ታክሲ አልቆ በእግሬ ሄጃለሁ።

መውጫ ፈተናው እኮ በኮምፒውተር ነው! ከመቶ 50 ካላመጣን ዲግሪ የለም። 2015 ላይ ለሁሉም ሲጀመር ከግል ኮሌጅ ተፈትነው ያለፉት 20 በመቶ እንኳን አልሞሉም፣ ይሄንን የሚያውቅ ግቢ ተማሪውን ኮምፒውተር ፊት ያስቀምጣል እንጂ ከእጁ ላይ ንባብ ይነጥቃል እንዴ? እኛ ሞዴል ፈተናውንም ብሉፕሪንቱንም (ፈተናው የሚሸፍናቸውን ርዕሶች ዝርዝር) የምናየው በስልክ ነው፣ ሌላ ምን አለን?

ደክሞኛል እውነት። ሰውዬው ማስጠንቀቂያው ላይ ፈርሚ አለኝ፣ አልፈረምኩም፣ እማዬ ግን ፈርሚና እንሂድ እያለች በዓይኗ ትለምነኝ ነበር፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ነገ ጠዋት ሬጅስትራር እሄዳለሁ፣ ካልሆነ ዲኑ ጋ። ሴክሽኔ የሆናችሁ፣ መምህሩ ፒዲኤፉን የለቀቀበትንና ይዛችሁ ኑ ያለበትን መልዕክት ስክሪንሻት አድርጋችሁ አሁኑኑ ላኩልኝ፣ ሳያጠፋው። የተማሪ መመሪያውም ያለው ካለ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፣ ሁሉንም ገጽ።