ልጅን ይዞ አገር ቤት መግባት፦ ክርክር

የክርክሩ ጭብጥ፦ «እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ይዘዋቸው ወደ አገር ቤት ቢመለሱ ልጆቹ ይጠቀማሉ።» ደጋፊው ከ3 ዓመት በፊት ከለንደን አዲስ አበባ የገቡ አባት ናቸው። ተቃዋሚዋ በአንድ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ቅበላ ክፍል የሚሠሩ እናት ናቸው።

ደጋፊ

ልጄ 12 ዓመቷ ሳለ እናቴ ለንደን ልትጠይቀን መጣች። ሦስት ሳምንት በአንድ ቤት ሲቀመጡ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። እናቴ ልትመለስ ስትል «ልጅህ ደግ ናት፤ ግን እንግዳዬ ናት» አለችኝ። በዚያው ዓመት ጓዜን ጠቅልዬ አዲስ አበባ ገባሁ።

ትምህርቷ ይበላሻል ያሉኝ ብዙ ነበሩ። ምኑ ተበላሸ? ትምህርት ቤቷ የካምብሪጅን ሥርዓት ይከተላል፤ በ16 ዓመቷ ገደማ የምትፈተነው አይጂሲኤስኢ የተባለው ፈተና የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች አሳምረው የሚያውቁት ነው። አማርኛዋ ደግሞ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ስለ መልስ ከረዳቱ ጋር እስከ መጨቃጨቅ ደርሷል። ስለ ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የሚጨነቁልኝም አሉ። ፓስፖርቷ የእንግሊዝ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ እንደ ማንኛውም ዜጋ ከፍላ ትገባለች።

ተቃዋሚ

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳነብ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩት። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ውጤት ሲወጣ፣ በስልክ የምሰማት ናት፤ አንዳንዴም ከለቅሶ ጋር።

ወንድሜ፣ ክፍያን ፓስፖርት ብቻውን አይወስንም። «ሆም»፣ ማለትም የአገር ውስጥ ተማሪ፣ ተብሎ የሚከፍለው ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት፣ ሳያቋርጥ፣ የዩናይትድ ኪንግደም መደበኛ ነዋሪ የነበረ ነው። በመጸው ለሚጀምር ትምህርት ቆጠራው የሚደርሰው እስከ ሴፕቴምበር 1 ነው። በእንግሊዝ የ«ሆም» ክፍያ ጣሪያ ለ2025/26 በዓመት 9,535 ፓውንድ ነው። «ኦቨርሲስ»፣ ማለትም የውጭ አገር፣ ለተባለ ተማሪ ግን ጣሪያ የለም፤ በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ምህንድስና በዓመት ከ30,000 ፓውንድ ያልፋል። የመንግሥት ብድሩም ያንኑ 3 ዓመት ስለሚጠይቅ ገንዘቡ ከኪስ ነው የሚወጣው። በርሚንግሃም ተወልዶ ያደገ ልጅ ፋይል ላይ «ኦቨርሲስ» ብዬ በእጄ ጽፌ አውቃለሁ። ፓስፖርቱ ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ነበር።

ደጋፊ

ሕጉን ግማሹን ነግረውን ግማሹን ዋጡት። ወላጅ ለጊዜያዊ ሥራ ከአገር ቢወጣ ልጁ እንዳልወጣ ይቆጠራል፤ ያው ሕግ ነው የሚለው። እኔ የመጣሁት ለሥራ ነው። የለንደኑ ቤቴም አልተሸጠም። ይህን ሳያነሱ ሰውን በ30,000 ፓውንድ ማስደንገጥ ምን ይባላል?

ደግሞስ እናት ሆነው ልጅን በፓውንድ ብቻ ይመዝናሉ? የእርስዎ ልጅ ከአያቱ ጋር በምን ቋንቋ እንደሚያወራ ቢነግሩን ደስ ባለኝ።

ተቃዋሚ

ፓስፖርቱ የት ገባ? ባለፈው ዋናው ማስረጃ እሱ ነበር። ይሁን።

ጊዜያዊ ሥራ የሚለው እውነት ነው፤ ግን «ጓዜን ጠቅልዬ ገባሁ» ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። ጓዙን የጠቀለለ ሰው እንዴት ነው ጊዜያዊ የሚሆን? እኛ የሥራ ውል እንጠይቃለን፤ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል? ቤቱ አልተሸጠም ብለዋል፤ ተከራይቷል ወይስ አልጋችሁ እንደተነጠፈ ይጠብቃችኋል? ክረምት ክረምት እየተመለሳችሁ ትቀመጡበታላችሁ? አንድ አባት የአውሮፕላን ቲኬቶችን በካርቶን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፈውልኛል። እርስዎ ከጓዙ ሌላ ምን አለዎት?

ደጋፊ

«ጓዜን ጠቅልዬ» አነጋገር ነው! አማርኛ ነው! ሰው ሲናገር ቃል በቃል እየመዘኑ መያዝ የፖሊስ ሥራ ነው።

ሕግ ካሉ እኔም አንብቤያለሁ። በ1982 የሎርዶች ምክር ቤት፣ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው፣ ሻህ በተባለ ተማሪ ጉዳይ መደበኛ ነዋሪነት ምን እንደሆነ ወስኗል፦ ሰው በፈቃዱ፣ ለታወቀ ዓላማ፣ የዘወትር ኑሮው አድርጎ የሚኖርበት ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሁለት ቦታ ነዋሪ ሊሆን ይችላል። የልጅቷ አጎቶች፣ ሐኪሟ፣ የልጅነት ጓደኞቿ ለንደን ናቸው። አንቺ ግን ከቅጽሽ ውጭ ኑሮ ያለ አይመስልሽም።

ተቃዋሚ

«አንቺ» መባሌን አይቻለሁ። እኔ በ«እርስዎ» እቀጥላለሁ።

በፈቃድዎ፣ ለታወቀ ዓላማ፣ የዘወትር ኑሮዎ አድርገው የሚኖሩት የት ነው? ጓዝዎ ያለበት ነዋ! ጠበቃ አምጥተው ለእኔ አቆሙልኝ።

አሁን ክርክሩን ትተን ልጅቷን እንቁጠር። 15 ዓመቷ ነው። አይጂሲኤስኢዋን ጨርሳ በ16 ዓመቷ ለኤ-ሌቭል፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያው ትምህርት፣ ለንደን ትመለስ እንበል። ኤ-ሌቭል ሁለት ዓመት ነው፤ በ18 ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስትል አንድ ዓመት ይጎድላታል። 3 ዓመት እንዲሞላላት ከፈለጉ ከአንድ ዓመት ቀደም ብላ፣ የአይጂሲኤስኢውን የሁለት ዓመት ትምህርት መሐሉ ላይ ቆርጣ መምጣት አለባት። እዚህ የምትገባበት ትምህርት ቤት ደግሞ በሌላ ፈተና አዘጋጅ፣ በሌላ የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ ግማሹን ጨርሶ ይጠብቃታል። ብዙ ወላጅ የሚወድቀው እዚህች ላይ ነው። ወይም ኤ-ሌቭሉን ጨርሳ አንድ ዓመት እየሠራች ትቆይ። ብቻዋን አጎቷ ዘንድ ልላካት ካሉም ሌላ ጣጣ አለ፤ በእነዚያ 3 ዓመታት የምትኖረው በዋናነት ለትምህርት ነው ከተባለ አይቆጠርላትም።

ይህን ሁሉ ለእሷ ነግረዋታል? ወይስ ጓዟን ሳይጠይቁ ጠቀለሉባት?

ደጋፊ

«አንቺ» ላልኩት ይቅርታ፤ ተናድጄ ነው። ጓዝ ጓዝ ሲሉኝ ግን እናቴን የምጎትታት ሻንጣ ያደረጓት መሰለኝ።

በ12 ዓመቷ አልጠየቅኳትም። የ12 ዓመት ልጅ ተጠይቃ ምን ትላለች? ትናንት ማታ ግን ጽሑፍዎን አሳየኋት። ሁለቴ አነበበችው። «ያንን አንድ ዓመት ልሥራ፤ ግን አንተም አብረኸኝ ና» አለችኝ። አያቷ እዚያው ተቀምጣ ስለነበር ምን እንደምናወራ ጠየቀቻት፤ ልጄም ስለ ቆጠራው፣ ስለ ክፍያው፣ ስለ አጎቷ ቤት አንድ በአንድ አስረዳቻት። እኔ ማስተርጎም አላስፈለገኝም። የእርስዎ ልጅና የአያቱ ነገር ግን አሁንም መልስ አላገኘም።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የሥራ ውሌ በየ2 ዓመቱ ነው የሚታደሰው። እንዲህ ያለው እንዴት ይታያል?

ተቃዋሚ

እንደ ዩኒቨርሲቲው ነው። ውሳኔው የየዩኒቨርሲቲው ስለሆነ አንዱ የከለከለውን ሌላው ሊቀበል ይችላል። ውጤት እስኪወጣ አይጠብቁ፤ ልጅቷ ከማመልከቷ በፊት ለምታስባቸው ሁሉ በጽሑፍ ይጠይቁ። የመጀመሪያውን ውልና የታደሱትን ሁሉ ከነቀናቸው ያያይዙ፤ የቤቱንም ወረቀት እንዲሁ።

ደብዳቤው ላይ ግን እባክዎን «ጓዜን ጠቅልዬ» አይበሉ።