ፊልም ነጋሪው ልጅ

መርካቶ ስናድግ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሲኒማ ቤት የወጣ ልጅ በቀጥታ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። የሰፈሩ ልጆች ግንብ ሥር ተኮልኩለን እንጠብቀዋለን። የቲኬት ሳንቲም የሚሞላለት ከመካከላችን አንድ ወይም ሁለት ልጅ ብቻ ስለነበር፣ ያየ ላላየ የመንገር ዕዳ ነበረበት። ሳይነግረን ሹልክ ብሎ የገባ ልጅ በማግስቱ የጨርቅ ኳስ ስንጫወት የሚመርጠው አያገኝም።

ነጋሪው ግን ፊልሙን አይቶት እንጂ ሰምቶት አልመጣም። ሕንድኛ ከየት ይምጣለት? ከሥር የሚያልፈው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደግሞ የመጀመሪያውን ቃል ፊደል ቆጥረን ሳንጨርስ ይጠፋል። ስለዚህ ታሪኩን ራሱ ይፈጥረዋል። አሚታብ ባችቻን ዓይኑን አፍጥጦ ምን እንዳለ ማናችንም አናውቅም፤ በእኛ ግንብ ሥር ግን «እናቴን ያስለቀሰ ፀሐይ አትጠልቅለትም» ብሏል። ወንድማማቾቹ በልጅነታቸው የተጠፋፉት በጎርፍ ይሁን በባቡር ጣቢያ ግርግር፣ እንደ ነጋሪው ይለያያል። የማይለያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አክተር አይሞትም። በእኛ ቋንቋ አክተር የሚባለው ጀግናው ብቻ ነበር፤ የቀረው ሁሉ ለመደብደብ የመጣ ነው።

አያቴ ሲኒማን የምትጠራው «ሰይጣን ቤት» ብላ ነበር። ስሙን እርሷ አላወጣችውም፤ የአዲስ አበባ ሰው የከተማዋን የመጀመሪያ ፊልም ማሳያ ቤት ሲያይ ያወጣለት ስም ነው። እኔ ተራዬ ደርሶ የገባሁ ዕለት ስሙ ልክ መሰለኝ። ጨለማው፣ ከራስ በላይ የሚያልፈው የብርሃን ጨረር፣ በጨረሩ ውስጥ የሚጠማዘዘው የሲጋራ ጭስ፣ ከእግር ሥር የሚንኮሻኮሸው የሱፍ ልጣጭ። ፊልሙ ከስንት ከተማ ዞሮ እንደመጣ እንጃ፣ ተጫጭሮ ዝናብ የሚዘንብበት ይመስላል። መሀል ላይ ብጥስ ሲል ሸራው ነጭ ይሆናል፤ አዳራሹ በፉጨት ይናጋል፤ ሠራተኛው ቀጥሎ ሲያስነሳው ጥቂት ነገር ይዘለላል። የተዘለለውንም የሚሞላው ነጋሪው ነው። ወንበዴው ጩቤ ይዞ ከኋላ ሲመጣ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ «ኧረ ከኋላህ!» ብለው ይጮኻሉ። አክተሩ ዞር ሲል የሰማን ይመስለናል።

ፒያሳ በ2016 መፍረስ ከጀመረች ወዲህ ስለ ድሮ ሲኒማ ቤቶች ብዙ ሙሾ ይወርዳል። ስለ አምፒር፣ ስለ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ስለ አምባሳደር የሚጻፈውን በናፍቆት አነባለሁ። ነገር ግን ሙሾው ሁሉ ስለ ግንብ ሆነብኝ። የሰፈራችንን ሲኒማ ያከሰመው ዶዘር አይደለም፤ እኛው ነን። ቪዲዮ ቤት በየመንደሩ ሲከፈት፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ማጫወቻ በተደረደሩባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሃምሳ ሳንቲም ሁለት ፊልም አለ ሲባል ማን ወደ ኋላ ቀረ? እኔ አልቀረሁም።

በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹት የአማርኛ ፊልሞች ሲመጡ ሰልፉ ተመልሶ ነበር። ሰው በቋንቋው ሊስቅና ሊያለቅስ ነው የተሰለፈው። የፊልም ጥቅል የሚያሳየውን ባለ 35 ሚሊሜትሩን የድሮ ማሽን ግን የሚፈልገው አልነበረም፤ የአማርኛው ፊልም የሚታየው በሌላ መሣሪያ ነው። ከዚያ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 የውጭውን ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሳሎን ድረስ አመጣው። በ2012 ኮሮና አዳራሾቹን ዘጋ። የገበያ ማዕከሎቹ ሲኒማ ቤቶች ምቹ ናቸው፣ ድምፃቸውም ጥሩ ነው፤ ሳንቲም ይዞ በእግሩ የሚመጣ የመርካቶ ልጅ ግን አይደርስባቸውም።

እኔን የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት የሆኑ አዳራሾች አሉን። ስለ እድሳት በተወራ ቁጥር የምሰማው ስለ ወንበሩ፣ ስለ መብራቱና ስለ ድምፁ ነው፤ ስለ መግቢያ ዋጋ የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ለሕፃናት በዳቦ ዋጋ ፊልም ማሳየት አዳራሹን አያከስረውም፤ ባዶ ወንበርም ገንዘብ አያመጣም። ወላጅ ልጁን እጁን ይዞ የሚያመጣበት፣ ታላቅ ታናሹን የሚያስከትልበት ዋጋ ይሁን። አዳራሹ ቢንጫጫ ይንጫጫ፤ እኛም ጨዋዎች አልነበርንም።

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ፊልም ሲያይ አገኘሁት። ሲጨርስ አጠገቡ ተቀምጬ «እስኪ ንገረኝ፣ ምን ሆነ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ጥያቄው ግር አለው።

«ጋሼ፣ ልላክልህ?» አለኝ።