ሴባስቶፖል ሥር ምን ይጻፍ?

«ሴባስቶፖል 70 ቶን ይመዝናል።» ስለ አፄ ቴዎድሮስ ትልቅ መድፍ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬያለሁ። አሁንም ፌስቡክ ላይ ይዞራል። ልክ አይደለም፤ መድፉ የሚመዝነው ወደ 7 ቶን ነው። የተጨመረችው ዜሮ ታናድደኛለች፤ ምክንያቱም የሠሩትንና የጎተቱትን ሰዎች ድካም ተረት ታደርገዋለች።

ከፒያሳ ወደ ፖስታ ቤት ስትወርዱ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምታዩት የመድፉ ቅጂ ነው። በየቀኑ በታክሲ እናልፈዋለን። ከሥሩ ምን ይጻፍ ብባል ከክብደቱ አልጀምርም፤ ከጋፋት ነው የምጀምረው።

ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ ናት። አፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ፣ የእጅ ሙያም ያላቸውን አውሮፓውያን እዚያ ሰብስበው «መድፍ ሥሩልኝ» አሉ። ዋልድማየርን የመሳሰሉት ሚሲዮናውያን መድፍ ሠርተው አያውቁም። እምቢ ማለት ግን አይቻልም ነበር። ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ተሳካ። ንጉሡም በክራይሚያ ጦርነት ስሟ በገነነው፣ ያኔ የራሺያ በነበረችው ከተማ ስም ሴባስቶፖል አሉት።

ለእኔ ትልቁ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ንጉሡ መድፉን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። ጋሪ የሚያስኬድ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መንገዱ እየተሠራ ነው የተሄደው። ድንጋይ እየተፈለጠ፣ ገደል እየተቆረጠ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱት የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርደው ወጡ። በሽሎን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው፤ ስድስት ወር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው።

በዚያው ወቅት የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር፣ ንጉሡ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ሊያስፈታ፣ ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ እየመጣ ነበር። የእሱን ከባድ መድፎች የተሸከሙት ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ናቸው። ወታደሮቹ ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘዋል። በስቅለት ዕለት መቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ በተደረገው ውጊያ ከእኛ ወገን ወደ 700 ሰው ወደቀ። ከእንግሊዝ በኩል ቆስለው የሞቱት ሁለት ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል አላዳናቸውም።

ይህም መጻፍ አለበት። ንጉሡን ስለምወድ ሽንፈቱን ልደብቅ አልፈልግም። ግፉንም ጭምር። ያ መድፍ ሲጎተት አገሩ በአመፅ ተነሥቶባቸው ነበር፤ ደብረ ታቦርንም አቃጥለው ነው የወጡት። መንገዱን የቆፈረው ገበሬና ወታደር ስሙ የትም አልተጻፈም። ቢያንስ «እነሱ ጎተቱት» የሚል አንድ መስመር ይገባቸዋል።

ዋናው ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው መቅደላ አምባ ላይ መሬት ላይ ተጋድሟል። የአዲስ አበባው ጽሑፍ ይህንን ይንገረን፤ ልጆች ዋናው መድፍ ወሎ ውስጥ እንዳለ ይወቁ። ፊደሉ ቁሞ ለሚያነብ እግረኛ የሚታይ ይሁን። ክብደቱንም ስትጽፉ እባካችሁ 7 ብላችሁ ጻፉ።