አንድ ገመድ፣ 44 አማካሪ

ጎንደር ውስጥ መንገድ ጠይቃችሁ «አላውቅም» ያላችሁ ሰው እሱም እንግዳ ነው። የአገሩ ሰውማ ባያውቅም ይጠቁማችኋል። እኔ ግን መንገድ አልጠየቅሁም። ገመድ ነው የጠየቅሁት።

ከተማ የሚለቅ ጓደኛዬ ሆም ቴአትሩን በቅናሽ ሸጠልኝ። አንድ አምፕሊፋየር፣ አምስት ትንንሽ ስፒከር፣ ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ድንክ በርጩማ የሚያህል ሰብዉፈር። ሁሉም አለ፤ የሰብዉፈሩ ገመድ ብቻ የለም። «እሱማ የትም ይገኛል» አለኝ።

ነገሩን ለሰፈር ልጆች አወራሁ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። እስኪመሽ እንደ ጎንደር ታቦት 44 አማካሪ ተሰበሰበ። አንዱ «ገመዱ ካልወፈረ ቤዝ አያልፍበትም» አለ፤ ቤዝ የግመል ጭነት ይመስል። ሌላው «ሁለት ነው የሚፈልገው፣ ግራና ቀኝ» አለ። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴ ደግሞ «ምን አስጨነቀህ፣ አምፖል የምንስብበት ሽቦ ይበቃል» ብሎ ራሱ ላጠው፣ ጠመዘዘው፣ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለው።

ሰካነው። ፊልም ሳንከፍት ሰብዉፈሩ «ህምምምም» ማለት ጀመረ። አከራዬ እትዬ በመስኮት ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ንብ አስገባህ እንዴ?»

ንቡ መብራት ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። መከለያ የሌለው ሽቦ ከጎኑ ካለው የመብራት ገመድ ያንን ይለቅማል፤ ሰብዉፈሩም ያገኘውን አጉልቶ ይዘፍነዋል። ለተራ ስፒከር ቢሆን ያው ሽቦ ይበቃ ነበር፣ ምክንያቱም ወደ ስፒከር የሚሄደው ጉልበት ያለው ሞገድ ነው። የራሱን አምፕሊፋየር በሆዱ የያዘ ሰብዉፈር የሚላክለት ግን ሹክሹክታ ነው። ሹክሹክታ ደግሞ ጫጫታ አይወድም።

በማግስቱ ፒያሳ ወጣሁ። ባለሱቁ «ጫፉ ወርቅ ነው» ብሎ አንድ ወፍራም ኬብል አወጣ። አዋቂ ለመምሰል ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። ምን እንዳየሁ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። 1,200 ብር ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ የኬብሉ አንድ ጫፍ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ሹል ጃክ ነው። የሚገባበት ቀዳዳ ያገኘሁት አምፕሊፋየሩ ፊት ላይ ብቻ ነው፣ የጆሮ ማዳመጫው ጋ። ሰካሁት። አምስቱ ስፒከሮች ጭጭ አሉ። አምፕሊፋየሩ ማዳመጫ ያደረግሁ መስሎት አፋቸውን ዘግቶታል። ተዋናዩ እያለቀሰ ይናገራል፣ ከቤቴ የሚሰማው ግን «ጉም፣ ጉም» ብቻ ነው።

ያኔ ነው አጎንብሼ የዕቃውን ጀርባ ያነበብኩት። አምፕሊፋየሩ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ፣ ከሥሩ «ሰብዉፈር አውት» የሚል ጽሑፍ። ሰብዉፈሩ ላይ «ኤል ኤፍ ኢ» የተባለ ሌላ ክብ ቀዳዳ፣ የወፍራም ድምፅ መግቢያ። ከዚህ ወደዚያ፣ አንድ ገመድ። ግራ የለ፣ ቀኝ የለ። አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር ያለው ዕቃ 5.1 ሲባል «ነጥብ አንድ» የምትባለው እሷው ናት፤ ከ120 ኸርዝ (በሰከንድ 120 ንዝረት) በታች ያለውን፣ በጥምቀት ከበሮው ሲመታ ከጆሮ ይልቅ ደረት የሚሰማውን የምትሸከመው። ከ44ቱ አንዱም «ጀርባው ምን ይላል?» አላለኝም። እኔ 45ኛው ነኝ።

ለዚህ ቀዳዳ ደግሞ የድሮ ዲቪዲ ቢጫ ገመድ ትበቃለች። ለምስል ስለተሠራች የኤሌክትሪክ ልኳ 75 ኦም ነው፤ መሀሏ ሽቦ፣ ዙሪያዋ ጫጫታ የሚከለክል የሽቦ መረብ። ኤች ዲ ኤም አይ ከመጣ ወዲህ ግን ማን ያስታውሳታል? ግቢውን ቃኘሁ። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፏን አንጠልጥላ የእትዬን የዶሮ ቤት በር አስራለች።

«እትዬ፣ ይቺን ገመድ ቢሰጡኝ?»

«ዶሮዎቼንስ ሽለምጥማጥ ይብላቸው?»

ምትክ ላመጣ ቃል ገባሁ። የዶሮ ኩሱን በጨርቅ ጠርጌ ቢጫዋን ሰካኋት። ንቡ የለም። ፊልሙ ላይ ሄሊኮፕተር ሲነሳ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ተንጫጩ።

«ኧረ በ44ቱ ታቦት ቀንሰው!» አሉ እትዬ ከውጭ።

ቀነስኩና ቃሌን ልሞላ ወጣሁ። አሁን የዶሮ ቤቱ በር በ1,200 ብር ኬብል ታስሯል። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ጫፉ ያብለጨልጫል። እትዬ ሳብ ሳብ አድርገው ሞከሩት።

«ይኸኛው ይሻላል» አሉኝ። «ወፍራም ነው።»