ባነሩ ዕድሜውን ያርዝምልን

ደብረ ብርሃን አካባቢ ባለ አንድ የተፈናቃዮች መጠለያ የሰብዓዊ መብት የፊልም ፌስቲቫል ይደረጋል ተብሎ ስብሰባ ተጠራሁ። ስለ ፊልም እንዳይመስላችሁ። ስለ ሎጎ ነው።

መጀመሪያ የተበጠሰ ሰንሰለት ቀረበ። ቀጥሎ እጅ፣ ቀጥሎ ርግብ። ማንም እንዳይከፋ ርግቧ እጁ ላይ ቆማ ሰንሰለቱን በአፏ እንደያዘች ጸደቀች። ክርክሩ የጦፈው ግን ቀለሙ ላይ ነው። ተስፋን የሚገልጸው ደማቁ ሰማያዊ ነው ፈዛዛው? ሁለት ሻይ ቡናና አንድ ምሳ ፈጀብን። እንዲህ ነው እንጂ ለሕዝብ መጨነቅ!

እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ 25ኛው አንቀጹ ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያ እያለ ይዘረዝራል። እኛ ቲሸርት ላይ አተምነው፤ በቃ፣ የልብሱ ነገር እዚያው አለቀ። የደብረ ብርሃን ብርድ በቲሸርት አይቻልም የሚል ካለ ብርድ ልብስ የሚመረተው እዚሁ ከተማ ነው፣ ገዝቶ ይልበስ።

ኋላ ቀርነት ማየት ከፈለጋችሁ የምዕራብ ሰሃራ ስደተኞችን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አልጄሪያ በረሃ፣ እዚያው መጠለያቸው ውስጥ ፌስቲቫል ያዘጋጃሉ። የጭነት መኪና ጎን ስክሪን ይሆናቸዋል፣ እንግዳው ስደተኛው ቤት ያድራል፣ ትልቁ ሽልማታቸው ነጭ ግመል ይባላል። ግመል! አንገቷስ የትኛው ሎጎ ላይ ይገባል? የእኛ እንግዶች ሙቅ ውኃ ያለው ሆቴል ነው ያደሩት። ሰብዓዊ ክብር ከራስ ይጀምራላ።

ዕለቱ ደረሰ። ባነሩ 6 ሜትር፣ ፊልሙ 12 ደቂቃ። ሕፃናቱ ቲሸርቱን ሹራባቸው ላይ ደርበው ባነሩ ፊት ተሰለፉ፤ ለአንዱ ትንሽዬ ከቁርጭምጭሚቱ አልፎ ስለወረደ አንቀጽ 25 መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር። ፊልሙ ሲጋመስ ጀነሬተሩ ቀጥ አለ። ማንም አልደነገጠም፣ ፎቶው ቀድሞ ተነሥቷል።

በሳምንቱ ዝናብ ጥሎ ባደረ ማግስት ተመልሼ ሄድኩ። አንዲት እናት ባነሩን በጣሪያቸው ሸራ ላይ ደርበው በድንጋይ ጭነውታል። ሎጎው ወደ ሰማይ ነው፣ ርግቧ ተንጋላለች።

«እማማ፣ ያፈሳል እንዴ?»

«ኧረ ጠብም አይል ልጄ! እግዜር ይስጣችሁ። ለመሆኑ የሚቀጥለው መቼ ነው? የጎረቤቴን ቤት ለክተነዋል፣ 4 ሜትር ይበቃታል።»