ማስተካከያ፦ መድኃኒት ሁሉ ማታ አይዋጥም
«ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሁሉ ከመኝታ በፊት ቢወስድ ጥሩ ይተኛል» የሚለው በሰፊው የተጋራ መልእክት ስህተት ነው።

የመድኃኒት መግለጫ ወረቀቶች የሚሉት ሌላ ነው። በቀን አንዴ የሚታዘዝ ፕሬድኒሶሎን (እብጠትና ብግነት የሚቀንስ የስቴሮይድ መድኃኒት) አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ማታ ከሆነ እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። ፉሮሴሚድ ደግሞ ሽንት ያበዛል። ማታ የዋጠው ሰው ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለስ ሊያድር ነው፤ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ደግሞ በጨለማ መውደቅም አለ። እርግጥ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚያሰኙ ማታ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም አሉ።

መልእክቱን አይታችሁ ሰዓት ከቀየራችሁ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክሩ። ፕሬድኒሶሎንን ለሳምንታት የወሰደ ሰው ግን እንቅልፍ አጣሁ ብሎ በአንዴ እንዳያቆም፤ ሰውነቱ ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ቀንሶ ስለሚቆይ አደገኛ ነው።