ሮኬቱ ነው ወይስ ባትሪው? የሁለት ጓደኛሞች ክርክር

የግል የጠፈር በረራና የኤሌክትሪክ መኪና ባለፉት ሃያ ዓመታት አብረው አደጉ። ሁለቱም ጋ ባትሪ አለ። ታዲያ ዘመኑን የቀየረው የቱ ነው? ከተከራካሪዎቹ አንዱ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ ነው፤ «ባትሪው ነው፣ ሮኬቱ ትርኢት ነው» ይላል። ሌላዋ የፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ በዚህ አትስማማም። የቆዩ ጓደኛሞች ስለሆኑ አንቱታ የለም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባትሪው ወገን

ቲቸር፣ ከጠረጴዛዬ ልጀምር።

የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ሲከፈት ውስጡ ጣት የሚያካክሉ ሲሊንደሮች ተደርድረው ታገኛለሽ። 18650 ይባላሉ። 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት፤ ስሙ ራሱ ልኩ ነው። አንዱን ብትተረትሪው (እንዳትሞክሪው፣ ቻርጅ ካለው እሳት ነው) የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ጥቁር ዱቄት የተለቀለቀ የአሉሚኒየም ፎይል አለ። ጥቁር ዱቄት የተለቀለቀ የመዳብ ፎይልም አለ። እንዳይነካኩ በመሃላቸው እንደ ፌስታል የሳሳ ፕላስቲክ ገብቷል። ሦስቱ አንድ ላይ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልለው ቆርቆሮ ውስጥ ተወትፈዋል። ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ወደ መዳቡ በኩል ይሄዳል፤ ስንጠቀምበት ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን የኤሌክትሪክ መኪና አምራቹ ቴስላ በ2008 ለገበያ ያወጣውን ሮድስተር የሚባል መኪና አስቢ። ባትሪው የዚህ ዓይነት 6,831 ሲሊንደር ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ለላፕቶፕ የተሠራ ዕቃ ነው መኪናውን የነዳው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ስለ መኪናው አወራ። ስለ ሲሊንደሩ ያወራ አላየሁም።

ሲሊንደሩ ደግሞ ባለታሪክ ነው። በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም ኤክሰን ውስጥ ጀመረው። አዎ፣ የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ! በ1980 ጆን ጉዲነፍ ኦክስፎርድ ላይ ኮባልት ኦክሳይድን አመጣና ቮልቴጁ ወደ 4 ቮልት ከፍ አለ። በ1985 አኪራ ዮሺኖ ጃፓን ውስጥ ንጹሑን ሊቲየም አውጥቶ በካርቦን ተካው፤ የእሳቱ ነገር ጋብ ያለው ያኔ ነው። ሶኒ በ1991 ገበያ ላይ አዋለው። ሦስቱ ሰዎች በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለሙ ጉዲነፍ 97 ዓመቱ ነበር። መንገድ ላይ ስማቸውን ብትጠይቂ የሚያውቅ አታገኚም። ስፔስኤክስ የሚባለውን የሮኬት ኩባንያ ባለቤት ግን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ቅሬታዬ እዚህ ጋ ነው። ጭብጨባው ሁሉ ለጭሱ ሆነ።

የሮኬቱ ወገን

አንተ ከጠረጴዛህ ከጀመርክ እኔም ከሰሌዳዬ ልጀምር።

ዲሴምበር 21፣ 2015 ማታ ፋልኮን 9 የሚባለው የስፔስኤክስ ሮኬት 11 ሳተላይቶች ይዞ ተነሳ። ታችኛው ክፍሉ ሥራውን ጨርሶ ተመለሰና ፍሎሪዳ ላይ ቆሞ አረፈ። ከ40 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ነገር ነው። ሰው ቪዲዮውን አይቶ «ወይ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። እኔ ለተማሪዎቼ የማሳየው ሌላ ነገር ነው። ሮኬቱ ሲመለስ ታንከሩ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በጣም ቀሏል። ከዘጠኙ ሞተሮች አንዱ ብቻ ይነሳል። ያ አንዱ ሞተር የመጨረሻውን ያህል ዝቅ ቢደረግ እንኳ ጉልበቱ ከሮኬቱ ክብደት ይበልጣል። ስለዚህ እንደ ሄሊኮፕተር አየር ላይ ቆም ብሎ፣ ቦታውን አይቶ፣ ቀስ ብሎ መውረድ የለም። ፍጥነቱ ዜሮ የሚሆንበትና እግሩ መሬት የሚነካበት ቅጽበት አንድ መሆን አለባቸው። ቀደም ብሎ ዜሮ ከሆነ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ከዘገየ ይከሰከሳል። ይህን ነው ትርኢት የምትለው?

ይኸው ኩባንያ መጀመሪያ ላይ ሦስት ሮኬት ተኩሶ ሦስቱም ከሽፈውበታል፤ በ2006፣ በ2007 እና በ2008። አራተኛው በሴፕቴምበር 28፣ 2008 ምሕዋር ገባ። የመንግሥት ተቋም ቢሆን ሦስተኛው ላይ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ፕሮጀክቱ በተዘጋ ነበር። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ግን ግምቴን አልመልስም።

ደግሞ አስታውስ። የአሜሪካ መንኮራኩሮች በጁላይ 2011 ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ጠፈርተኞቿ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚሄዱት ሶዩዝ በሚባለው የሩሲያ መንኮራኩር ላይ ወንበር እየተገዛላቸው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ሜይ 30፣ 2020 ሁለት ሰዎች በግል ኩባንያ መንኮራኩር ተነሡ። በ2024 ደግሞ የፋልኮን ሮኬቶች ከ130 ጊዜ በላይ ተተኩሰዋል። በየሦስት ቀኑ አንዴ ማለት ነው። ድሮ የዓመት ዜና የነበረው ነገር አሁን እንደ አውቶቡስ ተራ ሆኗል።

የባትሪው ወገን

የአስተራረፉን ነገር ተቀብያለሁ። እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ቪዲዮውን እንደገና ላየው ነው።

ግን «የግል» በሚለው ቃል ላይ እንነጋገር። አራተኛው ሮኬት በተሳካ በሦስት ወሩ፣ ዲሴምበር 2008 ላይ፣ የአሜሪካ የጠፈር ተቋም ናሳ ለ12 የጭነት ጉዞ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ፈረመላቸው። ኩባንያው ሊዘጋ አፋፍ ላይ በነበረበት ሰዓት ነው። ቆሞ የሚወርድ ሮኬትም ቢሆን፣ ዲሲ-ኤክስ የሚባለው የሙከራ ሮኬት በ1993 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ተነስቶ ቆሞ አርፏል። ገንዘቡ የአሜሪካ መንግሥት ነበር። አዎ፣ ብዙ ከፍ አላለም። መንገዱን ግን አሳይቷል። ግብር ከፋዩ ከፈለ፣ ስሙን ሌላ ሰው ወሰደ።

በጁላይ 2021 ባለሀብቶች ለጥቂት ደቂቃ ጠፈር ደርሰው የተመለሱትንስ ምን እንበለው? አስተያየት አልሰጥም። አንቺው ፍረጂ።

ወደ ባትሪዬ ልመለስ። በ2010 የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ዋጋ ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2024 ወደ 115 ዶላር ገደማ ወርዷል። እዚያ መሃል አንድም ቀን በቀጥታ ስርጭት የታየ ነገር የለም። የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ፎይሉን ትንሽ አሳሳው። ሌላው ዱቄቱን ትንሽ ወፈር አድርጎ ቀባው። ሌላው ማድረቂያው ክፍል ውስጥ የሚፈጀውን ጊዜ አሳጠረ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የወረደው። እኔ እጄ ላይ የማየው ይህንኑ ነው። የድሮው ሲሊንደርና የአሁኑ አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡ ልዩነታቸውን በዓይን አትለይውም። አዲሱ የሚይዘው ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት እጥፍ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪናም አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1899 ካሚል ዤናትዚ የሚባል ቤልጂየማዊ ጥይት በምትመስል የኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎሜትር በላይ ነድቷል። በመኪና ያን ፍጥነት ያለፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከዚያ በ1912 ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር ይዞ መጣ። በእጅ ማንቀሳቀሻ ማዞር ቀረ፣ ቤንዚን አሸነፈ። መኪናው መቶ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የነበረው ባትሪውን ነው።

የሮኬቱ ወገን

የመንግሥት ገንዘብ በእኔ ላይ ብቻ አይሠራም እኮ። ቴስላም ከአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት 465 ሚሊዮን ዶላር ተበድሯል። በ2013 መልሶታል፣ ከቀነ ገደቡ ቀድሞ። የመንግሥት ብር የነካው ሁሉ የግል አይባል ከተባለ መኪናህም ይወጣል።

«ሲጠብቅ የነበረው ባትሪውን ነው» ላልከው ደግሞ ኢቪ1ን ላንሳልህ። ጄኔራል ሞተርስ ከ1996 እስከ 1999 የሠራው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ለደንበኛ በኪራይ ነበር የሚሰጠው። ሁለተኛው ሞዴል በኒኬል ባትሪ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ከ160 ኪሎሜትር በላይ ይሄድ ነበር። ደንበኞቹ ወደዱት፤ እንግዛው ብለው ለመኑ። ኩባንያው ሰበሰበና አብዛኛውን ጨፈለቀው። ባትሪው ነበረ እኮ! ወኔ ነው የጠፋው። አንድ ሰው ተነስቶ «ከሰርኩም ከሰርኩ» ብሎ እስኪገባበት ድረስ ያንተ ሲሊንደር ላፕቶፕ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

አንድ የሰሌዳ ስሌት ልጨምር። አንድ ኪሎ ቤንዚን ወደ 12 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይዟል። አንድ ኪሎ ጥሩ የሊቲየም ባትሪ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት፣ ቢበዛ ትንሽ አለፍ ያለ። ልዩነቱ ከ40 እጥፍ በላይ ነው። ነዳጅ ደግሞ ሲቃጠል ይቀላል፤ ባትሪ ባዶውም ሙሉውም አንድ ነው። ምሕዋር የሚያስገባህ ባትሪ የለም።

ባትሪህ ውስጥ ስላለው ኮባልት እስካሁን ዝም ብለሃል። ከዓለም ኮባልት ከግማሽ በላዩ የሚወጣው ከኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው። በእጅ በሚቆፈሩት ጉድጓዶች ሕፃናት ይሠራሉ። እኔን ስለ ባለሀብቶች ሽርሽር ስትጠይቀኝ ይህንም አብረህ አስብ።

የባትሪው ወገን

የኮባልቱን ነገር አላድበሰብሰውም። ኀፍረት ነው። «ሁሉም ኢንዱስትሪ እንዲህ ነው» ብዬ አላመልጥም።

ግን ኮባልትም ኒኬልም የሌለው ባትሪ አለ። በብረትና በፎስፌት የሚሠራው ነው። በ1990ዎቹ ቴክሳስ ውስጥ የተገኘ ነው፤ እዚያም ጉዲነፍ አለበት። በአንድ ኪሎ የሚይዘው ያንሳል፣ ስለዚህ ባትሪው ይከብዳል። በምትኩ ርካሽ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ እሳቱንም ቶሎ አይዝም። ዛሬ በርካሽ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገጠመው እሱ ነው። ከእሱ ቀጥሎ በሊቲየም ፋንታ ሶዲየም፣ የጨው ሶዲየም ማለቴ ነው፣ የሚጠቀም ባትሪም ገበያ እየገባ ነው። ስለ ጠጣር ባትሪ (ውስጡ ፈሳሽ ስለሌለው) ግን አትጠይቂኝ። «በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደርሳል» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማሁ መሰለሽ።

የ40 እጥፉን ስሌት ደግሞ ግማሹን ነው የጻፍሽው። የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ሌላው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከተሰጠው 90 በመቶውን ወደ ሥራ ይቀይራል። ቲቸር ይህን ብትረሳ ማን ሊያስታውስ ነው? መኪና ላይ ልዩነቱ ያን ያህል አያስፈራም። ኖርዌይ ብርዷ የታወቀ አገር ናት፤ ብርድ ደግሞ የባትሪ ጠላት ነው። በ2024 እዚያ ከተሸጡት አሥር አዳዲስ መኪኖች ዘጠኙ ገደማ የኤሌክትሪክ ነበሩ።

«ምሕዋር የሚያስገባ ባትሪ የለም» ያልሽውንም ልያዝልሽ። ሮኬት ላብ የሚባለው ኩባንያ ኤሌክትሮን የተሰኘች ሮኬት አለችው፤ በጃንዋሪ 2018 ምሕዋር ደርሳለች። ነዳጁን ወደ ሞተሮቿ የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በምን መሰለሽ? በሊቲየም ባትሪ። በአብዛኞቹ ሮኬቶች ያን ፓምፕ ለማዞር ሌላ ትንሽ የእሳት ተርባይን ያስፈልጋል፤ ሮኬት ውስጥ ካለው ሁሉ አስቸጋሪው ዕቃ እሱ ነው። እነሱ አውጥተው ጣሉትና ባትሪ አስገቡ። ያንቺው የግል ሮኬት!

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጠፈሩን እንዲህ እያጨናነቃችሁት ከላይ የሚወርደውስ? በማርች 2024 ፍሎሪዳ ውስጥ ከጠፈር የወደቀ ብረት የሰው ቤት ጣሪያ ቀዶ፣ ፎቆቹን በስቶ ገባ። 0.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

የሮኬቱ ወገን

የሞተሩን ብቃት ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት። ትይዘኝ እንደሆነ ለማየት ነበር። ያዝከኝ።

የሳተላይቱ ብዛት አሳሳቢ ነው፤ አልክድም። በ2009 አንድ የሚሠራ ሳተላይትና አንድ የሞተ የሩሲያ ሳተላይት ምሕዋር ላይ ተላትመው ከዚያ የወጣው ፍርስራሽ ገና አላለቀም። በቴሌስኮፕ ሰማይ የሚያዩ ሰዎችም በሳተላይት መስመር መቸገራቸው እውነት ነው። ሕግ ያስፈልገዋል፤ እስካሁን ያለው አይበቃም።

ግን ወዳጄ፣ ያ ፍሎሪዳ ላይ የወደቀው ብረት ከየት እንደመጣ አላጣራህም። የመጣው መንግሥታት በጋራ ከሚያስተዳድሩት ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው፤ የግል ኩባንያ ሮኬት አይደለም። ጣቢያው ላይ የነበሩት የኒኬል ባትሪዎች አርጅተው በሊቲየም ተተኩ። አሮጌዎቹ ከተሸከማቸው መደርደሪያ ጋር በማርች 2021 ተጣሉ፤ ክብደታቸው ወደ 2.6 ቶን ነበር። አየር ላይ ተቃጥለው ያልቃሉ ተብሎ ነበር። ሦስት ዓመት ዞረው አንዱ ቁራጭ ጣሪያ ቀደደ። ጣሪያ የቀደደው እንግዲህ የባትሪ መደገፊያ ብረት ነው፤ ያንተው ወገን!

ኤሌክትሮንም ቢሆን ታሪኩን ጨርሰው። በበረራው መሃል፣ ሁለተኛው ክፍል እየነደደ ሳለ፣ ባዶ የሆኑትን ባትሪዎች ፈትቶ ይጥላቸዋል። ከዚያ በቀረው ይቀጥላል። ለምን? ነዳጅ ሲያልቅ ታንከሩ ይቀላል። ባትሪ ሲያልቅ ግን ሸክም ነው። ሰሌዳዬ ላይ የጻፍኩት ይኸው ነበር።

የባትሪው ወገን

የጣሪያውን ነገር አሸነፍሽኝ። እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

ይጣሉት ግድ የለም። እስኪጣል ድረስ ግን ፓምፑን ማን አዞረው?